እንቁላሉ ነው ወይስ ቆዳው? ስለ ኤግዚማና ስለ ምግብ

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወር ሲቀራት፣ የፍሪጃቸው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከላይ «እንዳይሰጣት» ይላል። ከሥሩ እንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝ፣ ዓሣ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ስንዴ ተደርድረዋል። ዝርዝሩን ያወጣው ሐኪም አይደለም። አንዱን ጎረቤት ነገረቻት፣ አንዱን አክስታችን፣ ሌላውን ፌስቡክ ላይ አነበበችው። ልጅቷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታክ ታድራለች። የክንዷ መታጠፊያና ከጉልበቷ ጀርባ ያለው ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። እህቴ ምግብ በቀነሰች ቁጥር ማሳከኩ ባለበት ቀጠለ። የቀነሰው የልጅቷ ኪሎ ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት በብዙ ቤት አለ። ያልተጻፈም ቢሆን በእናትየዋ ጭንቅላት ውስጥ አለ። ስለዚህ ኤግዚማንና ምግብን በእርግጥ ምን እንደሚያገናኛቸው ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ግንኙነት አለ። ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው እኛ ከምናስበው በተቃራኒው በኩል ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሐኪሞች ኤግዚማ ይሉታል፤ በጣም የተለመደውን ዓይነት ደግሞ አቶፒክ ደርማታይተስ። በሰፈር ችፌ የሚለው አለ፣ «ቆዳዋ ተቆጣ» የሚል አለ፣ ብዙው ሰው ደግሞ በደፈናው «አለርጂ» ይለዋል። ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ብዙ ግራ መጋባት ታመጣለች። አለርጂ ስንል ወዲያው «ለምን?» ብለን እንጠይቃለን፤ አንድ ጥፋተኛ ምግብ ፍለጋ እንገባለን። ኤግዚማ ግን በራሱ የቆዳ በሽታ ነው። አብዛኞቹ ላይ የሚጀምረው ከአምስት ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ይነሳል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ይነሳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣልቃ ላስገባ። ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የሚያሳክከው ከሆነ፣ በተለይ ሌሊት ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ በጣቶች መሀልና በእጅ አንጓ ላይ ትንንሽ ሽፍታ ካለ፣ ያ ኤግዚማ ሳይሆን እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ የሚመጣው ከተባይ ነው፣ ይተላለፋል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ምግብ ብትከለክሉ ምንም አይለወጥም።

ሌላው ደግሞ መልኩ ነው። የበይነ መረብ ሥዕሎች ላይ ኤግዚማ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ብዙዎቹ የተነሱት ነጭ ቆዳ ላይ ስለሆነ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ላይመስል ይችላል። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይናማ ወይም አመድማ ይሆናል። አንዳንዴ የፀጉር መውጫዎቹ ላይ ብርድ እንደመታው ቆዳ ችፍ ችፍ ይላል። ሲሽር ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። ቀይ ስላልሆነ ብቻ «ቀላል ነው» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው።

ግድግዳው

የጭቃ ቤት አስቡ። እንጨቶቹ ቆመዋል፣ በመሀላቸው ጭቃው ተመርጓል፣ ከላይ ተለስኗል። ጤነኛ ቆዳ እንደዚያ ነው። የላይኛው የቆዳ ክፍል ሴሎች እንጨቶቹ ናቸው። በመሀላቸው ያለው ስብ ጭቃው ነው። ይህ ግድግዳ ሁለት ሥራ አለው፤ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ያግዳል፣ ውጭ ያለው ደግሞ እንዳይገባ ይከለክላል።

ኤግዚማ ያለበት ሰው ግድግዳው የተሰነጠቀ ነው። እርጥበቱ ይወጣል፣ ቆዳው ይደርቃል። በስንጥቁ ሳሙና፣ አቧራ፣ ጀርም፣ የምግብ ቅንጣት ይገባል። ከሥሩ ያለው የሰውነት መከላከያ «ጠላት መጣ» ብሎ ይቆጣል። ቁጣው ያሳክካል። ሲታከክ ግድግዳው ይበልጥ ይፈርሳል። ክቡ እንዲህ እየዞረ ይቀጥላል።

ግድግዳው ለምን ይሰነጠቃል? አንዱ ምክንያት ዘር ነው። በ2006 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎች ፊላግሪን የሚባለውን ፕሮቲን የሚያዘው ጂን ላይ የሚገኝ ጉድለት ከኤግዚማ ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አገኙ። ፊላግሪን ቆዳ እንዲጠብቅና እርጥበት እንዲይዝ ያደርጋል። በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ ጉድለት የተለመደ ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ኤግዚማ ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን መረመረ። በአውሮፓ የታወቁትን ጉድለቶች አላገኘባቸውም፤ ያገኘው አንድ አዲስ ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ቆዳ የሚሰነጠቅበት መንገድ ከአውሮፓውያኑ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። የግድግዳው መሰንጠቅ ግን ያው ነው።

አየሩም አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርዱና ደረቁ አየር ተባብረው የማንንም ቆዳ ያደርቃሉ። ኤግዚማ ያለበት ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም የሚኖሩ ወገኖቻችን ክረምት ላይ ማሞቂያው ሲበራ የሚደርስባቸውም ይኸው ነው።

ታዲያ ምግብስ?

መካከለኛና ከባድ ኤግዚማ ካለባቸው ሕፃናት ውስጥ ሲሶ ያህሉ እውነተኛ የምግብ አለርጂም አለባቸው። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሁለት ሦስተኛው የለባቸውም። ሁለተኛ፣ አለርጂው አለ ማለት ኤግዚማውን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ አብረው የሚኖሩ፣ ግን የተለያዩ ችግሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ኤግዚማው ቀላል የሆነ ልጅ ላይ ደግሞ ምግብ ምክንያት የሚሆንበት ዕድል በጣም ያንሳል። ትልቅ ሰው ላይም እንዲሁ።

ምግብ ጉዳት ሲያመጣ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ፈጣኑ ነው። ልጁ እንቁላል በላ፤ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ሰውነቱ ሳማ የነካው ይመስል ተንደበደበ፣ ከንፈሩ አበጠ፣ አስመለሰው። ይህ ግልጽ ነው፤ ማንም እናት አይስተውም። ሁለተኛው ዘገምተኛው ነው። ከተበላ ከስድስት ሰዓት እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ኤግዚማው ራሱ ይነሳል። አስቸጋሪው ይህ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ልጁ ስንት ነገር በልቷል? ስንት ጊዜ ታጥቧል? የትኛው ልብስ ለብሷል? አንዱን ነጥሎ «ይሄ ነው» ማለት ይከብዳል።

ልጆች ላይ አብዛኛውን አለርጂ የሚያመጡት ምግቦች ጥቂት ናቸው። እንቁላል፣ የላም ወተት፣ ለውዝ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ዓሣና እንደ ካሹ ያሉት የዛፍ ፍሬዎች። እስራኤል ውስጥ ሰሊጥም ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ሙዝ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ዶሮ ወጥም የለም፤ በውስጡ ያለው እንቁላል ካልሆነ በቀር።

ቀስቱ ሲገለበጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እኔን ራሴን ያስገረመኝ ይህ ክፍል ነው።

ለረጅም ጊዜ የታመነው «ምግብ ይበላል፣ አለርጂ ይመጣል፣ ቆዳ ይቆጣል» የሚለው ነበር። ስለዚህ ምክሩ «አርቁ» ሆነ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2000 ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ ሦስት ዓመታቸው ለውዝ እንዳይበሉ መከረ። በ2008 ምክሩን አነሳው፤ ማራቁ አለርጂን እንደሚከላከል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልተገኘምና።

በዚያው በ2008 ለንደን የሚሠሩት ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቻቸው አንድ ንጽጽር አሳተሙ። እንግሊዝ የሚኖሩ የአይሁድ ልጆችንና እስራኤል የሚኖሩ የአይሁድ ልጆችን አነጻጸሩ። ዘራቸው ተቀራራቢ ነው። የለውዝ አለርጂ ግን እንግሊዝ ያሉት ላይ አሥር እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ፤ 1.85 በመቶ ለ0.17 በመቶ። ልዩነቱ የት ነው? እስራኤል ውስጥ ሕፃናት ገና ጥርስ ሲያበቅሉ ባምባ ይበላሉ። እዚያ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ከበቆሎና ከለውዝ የሚሠራው፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟው። እንግሊዝ ያሉት ግን አብዛኞቹ በመጀመሪያው ዓመታቸው ለውዝ አይቀምሱም ነበር።

ቀጥሎ እውነተኛ ፈተና መጣ። ከባድ ኤግዚማ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው፣ ከ4 እስከ 11 ወር ዕድሜ ያላቸው 640 ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ አዘውትረው ለውዝ ያለበት ምግብ በሉ። ግማሾቹ እስከ አምስት ዓመታቸው ጨርሶ አልቀመሱም። ውጤቱ በ2015 ወጣ። ካልበሉት ውስጥ 17 በመቶ ያህሉ የለውዝ አለርጂ ያዛቸው። ከበሉት ውስጥ 3 በመቶ ያህሉ። ያራቁት ናቸው የታመሙት።

ለምን? ፕሮፌሰር ላክ የሰጡት ማብራሪያ ዛሬ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ሰውነት አንድን ምግብ በአፍና በአንጀት በኩል ሲተዋወቀው «ይህ ምግብ ነው፣ ወዳጅ ነው» ብሎ ይለምደዋል። ያንኑ ምግብ አስቀድሞ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ሲያገኘው ግን «ይህ ጠላት ነው፣ በቀዳዳ የገባ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። በኋላ በአፍ ሲመጣ ይቆጣዋል። እንግዳው በበር ሲገባና በግድግዳ ቀዳዳ ሾልኮ ሲገባ የሚደረግለት አቀባበል አንድ አይደለም።

ስለዚህ ብዙ ልጆች ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቆዳው ይሰነጠቃል። ከዚያ የምግብ ቅንጣት በቆዳው ይገባል። ከዚያ የምግብ አለርጂው ይመጣል። ኤግዚማው ውጤት ሳይሆን መነሻ ነው።

ጃፓን ውስጥ የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። የስንዴ ፕሮቲን የተጨመረበት የፊት ሳሙና በሰፊው ይሸጥ ነበር። ሰዎቹ ከዚያ በፊት ስንዴ ሲበሉ ምንም አይሆኑም ነበር። ፊታቸውን በሳሙናው እየታጠቡ ቆይተው ዳቦ ሲበሉ ሰውነታቸው ይቆጣ ጀመር። ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ ደረሰ። ሳሙናው በ2011 ከገበያ ተሰበሰበ። እንግሊዝ ውስጥም የለውዝ ዘይት ያለበት ቅባት በተቀቡ ሕፃናት ላይ የለውዝ አለርጂ በዝቶ መገኘቱ በ2003 ታትሟል።

ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ የእኛ ቤት ነው። ስንቱ ልጅ ነው የተቆጣ ቆዳው ላይ ቅቤ የሚቀባው? ወተት የሚደረግበት አለ። እንቁላል የሚቀባ አለ። የሰሊጥ ዘይት የሚቀባም አለ። ሁሉም በፍቅር ነው የሚደረገው። አያቴ እኔንም ቅቤ ቀብታ ነው ያሳደገችኝ፤ ብዙ ጤነኛ ቆዳ ያለው ልጅ ምንም አይሆንም። የተሰነጠቀና የሚደማ ኤግዚማ ላይ ግን የሚበላ ነገር አትቀቡ። እንቁላሉን ከሳህኑ ላይ አንስቶ ቆዳው ላይ ማድረግ፣ ከሁሉም የከፋው ቅደም ተከተል እሱ ነው። ለውዝ ቆልታችሁ ወይም እንቁላል ሰብራችሁ ልጅ ከማንሳታችሁ በፊት እጅ መታጠብም ይጠቅማል።

ምርመራው «አለባት» ሲል

ብዙ ወላጅ የደም ምርመራ ያሠራል፤ ወይም ቆዳ በመርፌ ጫር ጫር ተደርጎ የሚታየውን። ወረቀቱ ላይ አሥር ምግብ «ፖዘቲቭ» ሆኖ ይመጣል። እናት ትደነግጣለች።

እነዚህ ምርመራዎች የሚያዩት አይ ጂ ኢ የሚባለውን የሰውነት መከላከያ ንጥረ ነገር ነው። ሰውነት ምግቡን መዝግቦታል ማለት እንጂ ሲበላው ይታመማል ማለት አይደለም። ኤግዚማ ያለበት ልጅ ደግሞ ቆዳው ክፍት ስለሆነ ብዙ ነገር ይመዘግባል። በአሜሪካ ዴንቨር አንድ ሆስፒታል ውስጥ የተሠራ ጥናት በ2011 ታትሟል። 125 ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ኤግዚማ ያለባቸው፣ በምርመራ ውጤት ምክንያት ብዙ ምግብ የተከለከሉ። ሐኪም ፊት ጥቂት በጥቂት እየተደረገ የተከለከለው ምግብ ተሰጣቸው። ከተደረጉት ሙከራዎች 89 በመቶው ላይ ልጆቹ ምንም አልሆኑም። ያን ያህል ምግብ በከንቱ ተከልክሎ ነበር።

ትክክለኛው ማረጋገጫ ይኸው ነው፤ የሕክምና ባለሙያ ባለበት ቀስ በቀስ በልቶ ማየት። በኢንተርኔት የሚሸጡት አይ ጂ ጂ የሚባል ሌላ የሰውነት መከላከያ ንጥረ ነገር የሚለኩ ወይም ፀጉር ልካችሁ ውጤት የሚመጣላችሁ ምርመራዎች የምግብ አለርጂ አያሳዩም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ገንዘባችሁን አታውጡባቸው።

መከልከል ምን ይጎዳል?

«ባይጠቅም አይጎዳም፣ ለጥቂት ጊዜ ይቅርበት» የሚል ሐሳብ አለ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ይጎዳል።

በ2001 ከአትላንታ የተዘገበ ታሪክ አለ። አንድ የ22 ወር ሕፃን ኤግዚማ ነበረበት፤ ወተት አይስማማውም ተብሎ ታሰበ። ጡት ሲተው በላም ወተት ፋንታ ከሩዝ የተሠራ መጠጥ ይሰጠው ጀመር። ልጁ ክዋሺዮርኮር ይዞት ሆስፒታል ገባ። ክዋሺዮርኮር! በምግብ በተትረፈረፈች ከተማ። በሽታው የመጣው ፕሮቲን ከማጣት ነው። ወላጆቹ ግን ያደረጉት ልጁን ይጠቅማል ያሉትን ነበር።

እኛ አገር በ2019 በተደረገው የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነት አገር እንቁላልና ወተት ከልጅ ሳህን ላይ ማንሳት ቀላል ውሳኔ አይደለም። በብዙ ቤት እንቁላል ልጅ የሚያገኘው ዋናው የእንስሳት ምግብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ያልተጠበቀ ነው። ልጁ ምግቡን ይበላው ነበር፣ ሰውነቱም ለምዶት ነበር። ከተከለከለ በኋላ ልምዱ ይጠፋል። አንድ ቀን በስህተት ሲቀምሰው ኤግዚማ ሳይሆን ፈጣኑና አደገኛው አለርጂ ይነሳበታል። በ2016 በታተመ ጥናት፣ ለኤግዚማ ብለው ምግብ ከተከለከሉ፣ ቀድሞ ፈጣን አለርጂ ካልነበረባቸው ልጆች ውስጥ 19 በመቶው ላይ ይህ ደረሰ። ከአምስት አንድ ማለት ነው።

ጥቅሙስ? በ2022 የታተመ ግምገማ የተለያዩ ሙከራዎችን ደምሮ አየ። ምግብ ከተከለከሉት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ተሻላቸው። ምንም ካልተከለከሉት ውስጥ ደግሞ 41 በመቶው ተሻላቸው። ልዩነቱ አለ፤ ግን ትንሽ ነው።

ያንን 41 በመቶ እንየው። ምንም ሳይቀየር የተሻላቸው ናቸው። ኤግዚማ በተፈጥሮው ይነሳል፣ ይበርዳል። እኛ ምግብ የምንከለክለው ደግሞ በጣም ሲብስ ነው። ከባሰ በኋላ መብረዱ አይቀርም። ሲበርድ ምስጋናውን ለከለከልነው ምግብ እንሰጣለን። ሁዳዴ ላይም ይህ ይታያል። «ስጾም ቆዳዬ ይሻለዋል» የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ። 55 ቀን ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል። ሊሆን ይችላል። ግን በዚያው ጊዜ የበጋው ደረቅ አየር እያለፈ፣ የበልግ ዝናብ እየገባ ነው። ከፋሲካ በኋላ ወተቱና እንቁላሉ ሲመለስ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተነሳ፣ ምክንያቱ ጾሙ አልነበረም ማለት ነው።

ስለ አንዳንድ ምግቦች

ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ብርቱካንና በርበሬ የሕፃን አፍ ዙሪያ ሲነኩ ቆዳው ይቆጣል። ይህ አለርጂ አይደለም፤ አሲዱና ቃጠሎው የደረቀ ቆዳ ስለሚያቃጥል ነው። ከመብላቱ በፊት አፉ ዙሪያና ጉንጩ ላይ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሲጨርስ በውሃ ማጠብ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ትልቅ ሰው ላይ ደግሞ በጣም የሚያቃጥል ወጥ ያሞቃል፣ ያልባል፤ ላቡ ያሳክካል።

ግሉተንን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን፣ ማቆም ኤግዚማን እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ የስንዴ አለርጂ ወይም ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ ከሌለ በቀር። ጤፍ ግሉተን የለውም። ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው፤ እውነተኛ የስንዴ አለርጂ ያለበት ሰው መጠየቅ አለበት።

የለውዝ አለርጂው በሐኪም ለተረጋገጠ ሰው አንድ የኛን ኩሽና የሚመለከት ነገር ልንገራችሁ። አብሽና ግብጦ የለውዝ ዘመዶች ናቸው። ፕሮቲናቸው ይመሳሰላል። ለውዝ የማይስማማው አንዳንድ ሰው ለእነሱም ይቆጣል። አብሽ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የውጭ ሐኪም ደግሞ ይህን አያውቅም። እናንተ ንገሩት።

ጨው ላይ አዲስ ነገር አለ። በ2024 ከእንግሊዝ ከ200,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተወስዶ፣ ሽንታቸው ውስጥ ጨው የበዛ ሰዎች ኤግዚማ በዝቶባቸው ተገኝቷል። ጨው ያመጣዋል ለማለት ገና ነው። ጨው መቀነስ ግን ለደም ግፊትም ስለሚጠቅም ማንም አይጎዳበትም። ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያሉበት) እና የምሽት ፕሪምሮዝ ዘይት የሚባለው ብዙ ተሞክረው ለኤግዚማ ሕክምና እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አላሳዩም።

የምታጠባ እናትም አለች። ልጇ ሽፍታ ሲወጣበት «ወተት አትጠጪ፣ እንቁላል አትብዪ» ትባላለች። በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ ምግብ መተው ልጁን ከኤግዚማ እንደሚጠብቅ አልተረጋገጠም። እናት ትጎዳለች፤ ያ ብቻ ነው የሚታወቀው። ሐኪም ለይቶ ካላዘዘ በቀር ትብላ።

አረብ አገር በየቤቱ የምትሠሩ እህቶችም ብዙ ጊዜ ትጠይቃላችሁ። እጃችሁ ላይ ብቻ የሚሰነጠቅና የሚያሳክክ ከሆነ፣ ምክንያቱ ዓሣ መብላታችሁ አይደለም። በረኪናው፣ የዕቃ ሳሙናው፣ ቀኑን ሙሉ እርጥብ የሚውለው እጅ ነው። ነጭ ሽንኩርት መላጥም ይጨምራል። ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ የላስቲክ ጓንት ማድረግና ማታ እጅን በቫዝሊን ማሸት ከየትኛውም ጾም ይበልጣል።

በእውነት ምግብ ከጠረጠራችሁ

መጀመሪያ ቆዳውን በደንብ አክሙ። ቢያንስ ለጥቂት ሳምንት። አጭር፣ ለብ ያለ ገላ መታጠብ። ሽታ የበዛበት ሳሙና መተው። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት መቀባት፤ በቀን ሁለት ጊዜ። በተነሳበት ቦታ ላይ ሐኪም ያዘዘውን የስቴሮይድ ቅባት በታዘዘው ቀን ልክ መጠቀም። ስቴሮይድ ሲባል ብዙ ሰው ይፈራል፤ በልኩ ሲደረግ ግን ዋናው መድኃኒት ነው። መፍራት የሚገባው ያለ ሐኪም፣ ፊት ለማቅላት እየተባለ የሚሸጠውን ጠንካራውን ነው። ያንን ልጅ ላይ በጭራሽ አታድርጉ። አዲስ አበባ ያላችሁ የቆዳ ስፔሻሊስት ስትፈልጉ አለርት ሆስፒታል አለ።

ይህ ሁሉ በአግባቡ ተደርጎ እያለ ቆዳው እንቢ ካለ፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ ያኔ የምግብ ጥያቄ ተገቢ ነው። ደብተር ያዙ፤ ምን በላ፣ መቼ ተነሳበት፣ የዚያን ቀን ሌላ ምን ነበር። ከሐኪም ጋር አንድ ምግብ ምረጡ። አንድ ብቻ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቁም። ከዚያ መልሱት። ሰው የሚረሳው ይህንን መመለሱን ነው። ሲመለስ ካልተነሳ፣ ምግቡ ነጻ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ፈጣን አለርጂ የታየበት ልጅ ከሆነ ግን መመለሱ ቤት ውስጥ አይደረግም። ከባድ ኤግዚማ ላለበትና ገና ምግብ ላልጀመረ ሕፃን ደግሞ ለውዝና እንቁላል መቼና እንዴት እንደሚጀመርለት ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሙሉ የለውዝ ፍሬ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም፤ ያንቃል። በደንብ ተፈጭቶ ገንፎ ወይም አጥሚት ውስጥ ነው።

ከበላ በኋላ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ድምፁ ከተዘጋ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደጋግሞ ካስመለሰውና ሰውነቱ ከዛለ፣ ደብተሩን ተዉት፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ኤግዚማው ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም የሚያምሙ ተመሳሳይ ውሃ ቋጠሮዎች ትኩሳት ይዘው ከመጡም እንዲሁ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም አየቻት። መጀመሪያ የተሰጣት ቅባት ነው፤ በሦስት ሳምንት ሌሊቱን መተኛት ጀመረች። ከዚያ ምግቡ አንድ በአንድ ተመለሰ። ስንዴ፣ ምንም። ወተት፣ ምንም። ለውዝና ዓሣ ክሊኒክ ውስጥ ተሞከሩ፣ ምንም። እንቁላል ላይ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንገቷ ላይ ተንደበደበች፤ እሱ እውነት ነበር። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ አለ። ላዩ ላይ የቀረው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው። የእንቁላል አለርጂ ብዙ ልጆችን እያደጉ ሲሄዱ ስለሚለቃቸው፣ እሱንም በመጪው ዓመት ሐኪሟ ዘንድ እንደገና ትሞክረዋለች።